ከደጃፍ ሳይርቁ መንዳት
በወረርሽኙ ወቅት በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ብስክሌት ስለ መንዳት በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የእግር ኳስ ሜዳዎች ጭር ብለዋል፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከልክሏል። የቡድን ጨዋታ ሲቋረጥ ወጣቶቻችን ከየጓዳው አንድ የቆየ ዕቃ አውጥተው አቧራውን ማራገፍ ጀምረዋል። እርሱም ብስክሌት ነው። በማለዳ ወደ ቁስቋም ዳገት፣ ወደ አንገረብ ዳርቻ ወይም ወደ ወለቃ የሚሄድ ሰው ማርሹን እየቀያየሩ ሽቅብ የሚታገሉ ልጆችን ያያል።

ወላጆች ስለዚህ ነገር ይጠይቁናል። ‹‹ቤት ቆዩ እየተባለ ልጄ ተራራ ለተራራ ሲዞር ዝም ልበል ወይ?›› ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ‹‹ብቻዬን ሜዳ ላይ ከሆንኩ ለማን አስተላልፋለሁ? ከማንስ ይተላለፍብኛል?›› ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። በዛሬው ንግግሬ ብስክሌት መንዳት በዚህ ወቅት የሚደገፍ መሆኑን፣ የሚደገፈውም ከቤት ሳይርቁ፣ ፍጥነትን ገትተውና የሌላውን ሰው መንደር አክብረው ሲነዱ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጥቅሙ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በየቀኑ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። መካከለኛ የምንለው ትንፋሽ ፈጠን ብሎ፣ ከጎን ላለ ሰው መናገር እየተቻለ መዝፈን ግን ሲያቅት ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኮሮና ቫይረስ ሲያዙ ሕመሙ እንደሚጠናባቸው ታውቋል። ለወራት ቤት ተቀምጦ መዋል ደግሞ እነዚህኑ ሕመሞች ያባብሳል፤ እንቅልፍን ይነሣል፤ መንፈስንም ያጨልማል። ስለዚህ አንድ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፔዳል ቢመታ ራሱን በሁለት በኩል ይጠብቃል።

ይህ ምክር ወረርሽኙ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ‹‹መንገድ ለሰው›› በሚል ስያሜ አውራ ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ ሲጓዝ፣ ሲሮጥና ብስክሌት ሲነዳ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ያን ያህል ሰው በአንድ ጎዳና ማሰባሰብ አይቻልም። ቢሆንም ጎዳናው ሲቀር ብስክሌቱ አልቀረም። ከጎንደር ከፍ ብላ በ2,600 ሜትር ላይ የምትገኘው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዕረፍት ቀን ጎዳናዎችን ለብስክሌት የመክፈት ልማድ ነበራት። ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ይህንኑ ልማድ ወደ ሥራ ቀናት አሸጋግራ ነዋሪዎቿ በአውቶቡስ ከመታፈን ይልቅ በብስክሌት እንዲሄዱ ጊዜያዊ መስመሮችን ዘርግታለች። ደገኛ መሆን ብስክሌትን እንደማይከለክል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሀገራችንም ቢሆን ብስክሌት የትናንት እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባና የብስክሌት ጓደኞቹ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጎረቤታችን ባሕር ዳር ለጥ ባለው ምድሯ ምክንያት ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት የሚውልባት ከተማ ናት። ጎንደር ግን በኮረብታ ላይ ኮረብታ የተደራረበባት ከተማ ስለሆነች እንደ ባሕር ዳር መንዳት አይቻልም። እዚህ አንዱን ዳገት ወርዶ ሌላውን እየገፉ መውጣት የተለመደ ነው፤ መግፋትም ነውር የለበትም። ገፍቶ መውጣት እንዲያውም ለልብ ጥሩ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመለሳለሁ። ‹‹ቅርብ›› የሚባለው እስከ የት ነው? በኪሎ ሜትር ቁጥር ብናስቀምጠው ለአዘዞና ለደባርቅ አንድ ዓይነት አይሆንም። እኔ የማቀርበው መለኪያ እንዲህ ነው። ጎማው ቢፈነዳ ወይም ካቴናው ቢበጠስ ብስክሌቱን እየገፋችሁ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቤታችሁ መድረስ የምትችሉበት ቦታ ቅርብ ነው። ከዚያ ያለፈው ሩቅ ነው። ሩቅ ሄዶ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ከሚኒባስ ወይም ከባጃጅ መሳፈሩ፣ ጎሚስታ ፍለጋ ከሰው መሐል መግባቱ፣ ካልሆነም ከማያውቀው ሰው ቤት ማደሩ አይቀርም። የተሽከርካሪ ተሳፋሪ በግማሽ እንዲቀነስ የተደረገው ሰዎች እንዳይጠጋጉ ነውና፣ በመዝናናት የተጀመረ ጉዞ የሌላውን መንገደኛ ቦታ ሊሻማ አይገባውም።

በዚህ መለኪያ ከፒያሳ የሚነሣ ሰው የቁስቋምን ዳገት፣ የቀሃን ወንዝ ተከትሎ የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር አካባቢ፣ የአንገረብንም ጥግ ያዳርሳል። ብዙ ነው። ወደ ኮሶዬ መውጣት የሚያምራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሆኖም ኮሶዬ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ፣ የከባድ መኪና መንገድ የሚጋራና በቀትር በኋላ ጉም የሚወርድበት ስለሆነ በዚህ ክረምት ይቆይ።

ከቤት ያለመራቅን ነገር አጥብቄ የምናገርበት ከበሽታው መተላለፍ ያላነሰ ሌላ ምክንያትም አለኝ። የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ተሠማርተዋል። ያ ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሆስፒታሉም ከጎንደር ዙሪያና ከሩቅ ወረዳዎች የሚመጣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ተስፋ የሚያደርግበት ነው። በዚህ ሆስፒታል አንዲት አልጋ፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ አንድ የቀዶ ጥገና ቡድን በአሁኑ ሰዓት ምን ያህል እንደሚፈለግ መገመት አያዳግትም። ከጠባብ ቁልቁለት ወርውሮት ጭኑ የተሰበረ ወጣት ለሳምንታት አልጋ ይይዛል፤ ደም ይፈልጋል፤ አስታማሚ ይዞ ይገባል። በምጥ የተያዘች እናትና ትንፋሽ ያጠራቸው አዛውንት ያንኑ በር ያንኳኳሉ። በአውሮፓም በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት የተራራ ብስክሌት ወዳጆች ከሚወዱት አስፈሪ ቁልቁለት ራሳቸውን እንዲከለክሉ የተጠየቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ክህሎታችሁን ማንም አልናቀባችሁም። ክህሎት ያለው ሰው ግን ምንጊዜ ፍሬን እንደሚይዝም ያውቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የገጠሩ ወገናችን ነው። ቫይረስ በራሱ አይሄድም፤ የሚሄደው በሰው ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አባቶቻችን ‹‹የኅዳር በሽታ›› ያሉት ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሰው የጨረሰው ከመንገደኛና ከነጋዴ ጋር አብሮ እየተጓዘ ከከተማ ከተማ በመዝለቁ ነው። እኛ ‹‹የብስክሌት መንገድ›› ብለን የምንወደው ቀጭን መስመር ለሌላው ሰው የውኃ መቅጃ፣ የወፍጮና የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት፣ በአህያ እህል የጫኑ አባት፣ ከብት የሚነዳ ሕፃን ይገናኙናል። ብስክሌተኛው ሳይታመም ቫይረሱን ሊሸከም ይችላል፤ እርሱ ወጣት ስለሆነ ሳይታወቀው ያልፍለታል፤ በመንደሩ ያሉት አዛውንት ግን ላያልፍላቸው ይችላል።

ስለዚህ በመንደር ስታልፉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛችሁን አድርጉ፤ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፤ ሰው ሲያጋጥማችሁ ወርዳችሁ ከነፋሱ በታች በኩል ዳር ያዙ፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ቦታም ልቀቁ። በተለይ ለተጫነ አህያ ቅድሚያ ስጡ። ከኋላው ድንገት ሽው ያለበት አህያ ሲደነብር ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ይወድቃል። ቅዳሜ ማለዳ የገጠሩ ሕዝብ ወደ ገበያ ስለሚጎርፍ ያን ሰዓት ጨርሶ ብትተዉት ይሻላል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፤ ከዳገቱም ይከብዳል። የደጋ ሰው ላብ ያጠመቀውን መንገደኛ አይቶ ዝም አይልም። ‹‹ግቡ፣ ቡና ቅመሱ›› ይላል፤ ጠላ በጣሳ ይዞ ይወጣል። እምቢ ማለት ድፍረት ይመስላል። በአሁኑ ወቅት ግን ባርኔጣችሁን አንሥታችሁ፣ ከቆማችሁበት እጅ ነሥታችሁ፣ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፤ በሽታው ሲያልፍ ገብቼ እጠጣለሁ›› ማለት ለባለቤቱ የምታደርጉለት አክብሮት ነው። አዛውንቱ ወዲያው ይረዳሉ። ለዚህም የራሳችሁን ውኃና ቆሎ ይዛችሁ ውጡ፤ ኮዳችሁንም ከጓደኛችሁ ጋር አትለዋወጡ።

መሸፈኛውን በተመለከተ ግራ የተጋባ ሰው አይጠፋም። በከተማ፣ በመንደርና ሰው ባለበት ሁሉ ማድረግ ግዴታ ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በብርቱ የሰውነት እንቅስቃሴ ወቅት መሸፈኛ እንዳይደረግ ይመክራል፤ በላብ ሲርስ ትንፋሽን ይከለክላልና። ሁለቱ የሚታረቁት በመንገድ ምርጫ ነው። ዳገቱን ሰው በሌለበት ቦታና ሰዓት ውጡት፤ ሰው ሲታይ ትንፋሻችሁን አሳርፉና አድርጉ። አንድ ደረቅ መለወጫ በንጹሕ ከረጢት መያዝም አይርሳ። ከቤተሰብ ውጭ ካለ ጓደኛ ጋር የምትነዱ ከሆነ ሁለት ብትሆኑ ይበቃል፤ በዳገትም ሆነ በሜዳ ከፊተኛው ጀርባ ተለጥፋችሁ አትከተሉ። የሚያለከልክ ሰው የሚተፋው ጠብታ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመካከላችሁ አሥር ሜትር ያህል ካለ ድንገት ፍሬን ሲያዝም መጋጨት አይኖርም።

ስለ ትንፋሽ ከተነሣ ከፍታችንን ማውሳት ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በጎንደር በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በደባርቅ ወደ ሲሦ ይጠጋል። ከቆላ ወይም ከውጭ ሀገር የመጣ ሰው ብስክሌት ላይ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ደረቱ የሚያፍነው ለዚህ ነው። እኛ ግን እዚህ የተወለድን ነን። በ1995 ዓ.ም. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ የአማራ ደገኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ የደገኞቹ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ ተገኘ። በአንዲስና በቲቤት ደገኞች ከታየው የተለየ በመሆኑ የዓለምን የሳይንስ ሰዎች አስደንቋል።

ይህን የምነግራችሁ እንድትኮሩ ነው፤ ነገር ግን እንዳትሳሳቱበትም ጭምር ነው። ከፍታን መልመድ ማለት ከቫይረሱ መጠበቅ ማለት አይደለም። ‹‹እኛ ደገኞች ነን፣ ሳንባችን ብርቱ ነው፣ ኮሮና አይነካንም›› የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

እንዲያውም ዳገት የራሱን ምርመራ ያደርግልናል። በጤና ጊዜ ዳገት ስንወጣ ትንፋሻችን ያጥራል፤ ቆም ስንል ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ያለ ችግር የወጣችሁት ዳገት ዛሬ ያለ ምክንያት ካቃታችሁ፣ ወይም አርፋችሁ ተቀምጣችሁ ትንፋሹ ካልተመለሰ፣ ደግሞም ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የሽታና የጣዕም መጥፋት ወይም ብርቱ ድካም ከተጨመረበት፣ ድካሙን ለዳገቱ ብቻ አትስጡት። ወደ ቤት ተመለሱ፤ ከቤተሰብ ተለዩ፤ ወደ 8335 ነጻ የስልክ መስመር ደውሉ። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ‹‹ላብ ያወጣዋል›› ብሎ ብስክሌት ላይ መውጣት የለበትም። በተለይ ይህ አባባል በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ስለሆነ ደግሜ እናገረዋለሁ፦ ትኩሳትን በላብ ማውጣት አይቻልም፤ የታመመ ልብንና ሳንባን ማድከም ብቻ ነው። ከበሽታው ያገገመም ሰው ወደ ዳገት የሚመለሰው ቀስ በቀስ፣ ሐኪም አይቶት ነው።

ቁልቁለትን በሚመለከት የብስክሌቱን ታሪክ ጥቂት ላጫውታችሁ። የተራራ ብስክሌት ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ግርጌ ነው። ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን ወደ ተራራው ጫፍ እየወሰዱ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የዚያን ጊዜው ፍሬን በኋላ ጎማ ቋት ውስጥ የተቀበረ ስለነበር በአንድ ቁልቁለት ግሪሱ ግሎ እየጨሰ ያልቃል፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላም እንደገና ይሞላል። መንገዱ ራሱ ‹‹እንደገና መሙላት›› የሚል ትርጉም ባለው ስም እስካሁን ይጠራል። የእኛም ቁልቁለት ፍሬን ይበላል። በክረምት ጭቃና አሸዋ የተቀላቀለበት ውኃ የፍሬኑን ጎማ በአጭር ጊዜ ስለሚፍቀው ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ አትውጡ። የፊተኛውን ፍሬን ብቻ አጥብቆ መያዝ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ረገብ ጠበቅ እያደረጋችሁ፣ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ስባችሁ ውረዱ። የራስ ቁር የሌለው ሰው ሜዳውን ይንዳ፤ ቁልቁለቱን ግን ወርዶ በእግሩ ይሂድ። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ እጅ ቢሰበር ይጠገናል፤ ጭንቅላት ግን እንደዚያ አይደለም።

ሰኔ ገብቷል። ዋልካ አፈር ሲርስ ጎማው ላይ ተጣብቆ ማስኬድ ይከለክላል፤ ድንጋዩም ድጥ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ግን በገበሬው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በእርጥብ መሬት ላይ የጎማ ዱካ ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ ጎርፍ ይጠራል፤ ጎርፉም ስንት ሰው የደከመበትን እርከን ይንዳል። ከዝናብ በኋላ ለአንድ ቀን መንገዱን አሳርፉት፤ በማሳ ዳር ስታልፉ ቡቃያ አትርገጡ፤ የድንጋይ እርከንም ለመዝለያ አትጠቀሙበት። ለመንዳት የሚመቸው ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ዝናቡና መብረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ። ነጎድጓድ ከተሰማ ከሸንተረሩ ፈጥናችሁ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ውሻም በብስክሌት መንገድ ላይ ያለ አደጋ ነው። የሚሽከረከር ጎማ ያየ ውሻ ማባረሩ ተፈጥሮው ነው። ልትቀድሙት አትሞክሩ። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእናንተና በእርሱ መካከል አቁሙ፤ ዓይኑን ሳታፈጡበት ቀስ ብላችሁ አፈግፍጉ። ከነከሳችሁ ወይም ጥርሱ ቆዳችሁን ከቧጠጠው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ‹‹ሆስፒታል ብሄድ ኮሮና ይይዘኛል›› ብሎ ቤት የሚቀር ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ወይም ራሱን የሳተ ሰውም እንዲሁ ሳይዘገይ ይወሰድ። የሚረዳው ሰው መሸፈኛ ያድርግ፤ በፊትና በኋላም እጁን ይታጠብ።

ብስክሌት የሌላቸው ልጆች በደቂቃና በሰዓት ይከራያሉ። በአንድ ቀን ሃያ ልጅ የጨበጠውን መሪ ሃያ አንደኛው ይጨብጠዋል፤ ፊቱንም በዚያው እጁ ያብሳል። አከራዮች ሆይ፣ በየተራው መሪውን፣ የፍሬን መያዣውንና ኮርቻውን በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ወይም በ70 በመቶ አልኮል አብሱ። በረኪና በካቴናውና በቸርኬው ላይ አታፍስሱ፤ ያዝጋቸዋል። የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንም በአጠገባችሁ ይኑር። ተራ የሚጠብቁ ልጆች ተቃቅፈው እንዳይቆሙ በመሬት ላይ ምልክት ብታደርጉላቸው ይበጃል። ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ ብስክሌት የወንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከወንድሟ ይልቅ ቤት ውስጥ የዋለችው እህቱ ናት፤ የቀኑ 60 ደቂቃ ለእርሷም የተጻፈ ነው።

የሰሜን ተራሮችን ሳላነሣ ብቀር ደባርቆች ይቀየሙኛል። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር ወደ ጨነቅ የሚዘልቀው ጠጠር መንገድ በዓለም ላይ ካሉት ለብስክሌት ከሚመኟቸው ጎዳናዎች ጋር ቢወዳደር የሚያፍር አይመስለኝም። ነገር ግን ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ የሚወድቅን ሰው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ሰዓታት ይወስዳል። በመንገዱ ዳር ያሉት መንደሮች ከሐኪም የራቁ ናቸው፤ ዋልያም ከዚያ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚገኝበት ስፍራ የለውም። በፓርኩ አጠገብ የተወለዳችሁ ሰዎች እንደ ጎንደሩ ሰው በአንድ ሰዓት የመግፋት መለኪያችሁ ውስጥ ሆናችሁ፣ ከፓርኩ ክልል ውጭ ባሉት መንገዶች ንዱ፤ ጭላዳ መንጋ ሲያጋጥማችሁም ቆማችሁ አሳልፉ፤ ምግብ አትስጡ። ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ለመምጣት ያሰባችሁ ደግሞ ጉዞውን ለሌላ ዓመት አቆዩት። የእንግዳ ገቢ የተቋረጠባቸው አስጎብኚዎች፣ ስካውቶችና ባለበቅሎዎች በዚያን ጊዜ ይጠብቋችኋል፤ መንገዱንም ከማንም በተሻለ ያሳዩአችኋል።

ከጉዞ ስትመለሱ ብስክሌቱን ከደጅ አቁማችሁ መሪውን አብሱት፤ እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ፤ በላብ የራሰውን ልብስና መሸፈኛ ለብቻው አድርጋችሁ እጠቡ። ከዚያ በኋላ አያታችሁን ሰላም በሉ፤ እሱንም ከሁለት እርምጃ ርቀት።